ኤች ኦ ወይስ ኤን? ሞዴል ባቡር በኢንተርኔት ለሚገዙ የቀረበ ንጽጽር

ሞዴል ባቡር ለመሰብሰብ የሚነሣ ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው ምርጫ የመጠን ምርጫ ነው። ገበያውን በስፋት የያዙት ኤች ኦ እና ኤን ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው እውነተኛውን ባቡር 87 ጊዜ፣ ሁለተኛው ደግሞ 160 ጊዜ አሳንሶ ያሳያል። ሁለቱን ለማወዳደር የሚጻፈው በአብዛኛው ስለ ቦታና ስለ ዋጋ ነው። ዕቃውን በእጁ ሳይነካ፣ ሻጩ የለጠፈውን ፎቶና የጻፈውን ሁለት መስመር ብቻ አምኖ የሚገዛ ሰው ግን ሌላም ነገር ማመዛዘን ይኖርበታል፤ ይኸውም በችኮላ የተጻፈ ማስታወቂያ ገዢውን ይበልጥ የሚያከስረው በየትኛው መጠን ነው የሚለው ነው።

የቦታው ጉዳይ ብዙ አያከራክርም። የኤች ኦ ሐዲድ ስፋቱ 16.5 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ጠባብ በሚባለው የ360 ሚሊሜትር ሬዲየስ ኩርባ እንኳ ባቡሩ ዞሮ እንዲመለስ አንድ ሜትር ገደማ ወርድ ያለው ጠረጴዛ ይፈልጋል። የኤን ሐዲድ 9 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ 192 ሚሊሜትር ሬዲየስ ያለው ኩርባ ስለሚገኝለትም 60 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ጣውላ ይበቃዋል።

ከማስታወቂያ የሚመጣው ችግር የሚበዛው ኤች ኦ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ስም የሚሸጠው ሁሉ አብሮ አይሠራም። አብዛኞቹ አምራቾች ኤሌክትሪኩን በሁለቱ ሐዲዶች ሲያስተላልፉ፣ ነባሩ የጀርመን ኩባንያ ሜርክሊን ግን በሐዲዱ መካከል በተደረደሩ ጥቃቅን የብረት ጫፎች ያስተላልፋል። የሜርክሊን ሎኮሞቲቭ የግራና የቀኝ መንኮራኩሮቹ በኤሌክትሪክ የተገናኙ ስለሆኑ በሁለት ሐዲዱ ሥርዓት ላይ ሲቀመጥ ሾርት ያደርጋል፤ ለሁለት ሐዲድ የተሠራ የሌላ ኩባንያ ሎኮሞቲቭ ደግሞ በሜርክሊን ሐዲድ ላይ ንቅንቅ አይልም። ሻጩ «ኤች ኦ፣ የሚሠራ» ብሎ ሲጽፍ አልዋሸም፤ ገዢው ግን የማይጠቀምበትን ዕቃ ተቀብሎ ይቀመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመክፈል በፊት ሎኮሞቲቩ ተገልብጦ የተነሣ ፎቶ መጠየቅ ነው። ከሆዱ ሥር ረዘም ያለ የብረት ምላስ ከታየ ሎኮሞቲቩ ለሜርክሊን ሐዲድ የተሠራ ነው። የሜርክሊንን ሎኮሞቲቭ ወድዶ ሁለት ሐዲድ ያለው ሰው ተስፋ መቁረጥ አይገባውም፤ ኩባንያው ብዙዎቹን በትሪክስ ስም ለሁለት ሐዲድ አድርጎ ያወጣቸዋል።

ሁለተኛው ወጥመድ ኦ ኦ የተባለው የብሪታንያ መጠን ነው። ሐዲዱ ያው 16.5 ሚሊሜትር ቢሆንም ባቡሩ የሚያንሰው 76 ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ከጀርመን ፉርጎ ጎን ሲቆም ግዝፈቱ ዓይን ይወጋል። ሁለቱን በአንድ ምድብ የሚደረድሩ የገበያ ገጾች ስላሉ ምድቡን ማመን አይበቃም። በፉርጎዎችም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። 26.4 ሜትር የሚረዝመው የአውሮፓ የመንገደኞች ፉርጎ በትክክለኛው ልክ 303 ሚሊሜትር መሆን ሲገባው፣ ጠባብ ኩርባ እንዲያልፍ ተብሎ በ282 ወይም በ264 ሚሊሜትር የተሠራም «ኤች ኦ» ተብሎ ይሸጣል። ሦስቱን በአንድ ባቡር ላይ መቀጠል ይቻላል፤ ማየቱ ግን አያስደስትም። ስለዚህ ርዝመቱ ካልተጻፈ ሻጩ በማስመሪያ ለክቶ እንዲነግርዎ ይጠይቁ።

ኤን በዚህ በኩል ገዢውን ያሳርፋል። ከጥቂቶች በቀር ሁሉም በሁለት ሐዲድ ይሠራል፤ የጀርመኑ አርኖልድ ያስተዋወቀው ማያያዣም የብዙዎቹ የአውሮፓ አምራቾች የጋራ ሆኗል። የብሪታንያው 1 ለ148፣ የጃፓኑም በአብዛኛው 1 ለ150 ቢሆን፣ በዚህ ትንሽነት ልዩነቱን የሚያስተውል ጥቂት ሰው ነው። የኤን ጉድለት ዕቃው ከደረሰ በኋላ የሚገለጥ ነው። በስልክ በተነሣ ፎቶ ላይ የተሰበረ ደረጃ ወይም የጎደለ መወጣጫ አይታይም፤ የደረቀ ቅባት ለማጽዳት ሎኮሞቲቩን መፍታትም ትዕግሥትና አጉሊ መነጽር ይጠይቃል። አሮጌዎቹ ለዲጂታል መቆጣጠሪያው የሚሆን ሶኬት ስለሌላቸው ዲኮደር፣ ማለትም የመቆጣጠሪያውን ትእዛዝ የሚቀበለውን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ማስገባት መበየድን፣ አንዳንዴም ብረቱን መሞረድን ያስከትላል። አሮጌ ኤች ኦ ላይም ሶኬት ላይኖር ይችላል፤ ነገር ግን ቢያንስ ጣት የሚገባበት ቦታ አለ።

ለሁለቱም የሚሆን ጥንቃቄ አለ። «ለዲጂታል ዝግጁ» ማለት ሶኬት አለው ማለት እንጂ ዲኮደር ገብቶለታል ማለት አይደለም። «አልተሞከረም» የሚለውን እኔ «አይሠራም» ብዬ ነው የማነበው፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ እገምታለሁ። ከአሜሪካ የሚመጣ ሙሉ ስብስብ ትራንስፎርመሩ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ አዲስ አበባም ሆነ ፍራንክፈርት ላይ በቀጥታ ቢሰኩት ሊቃጠል ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከነጋዴ በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ሊመለስ ይችላል፤ ከግለሰብ የተገዛ ግን ይህ መብት የለውም፤ ያገለገለ ሞዴል ባቡር ደግሞ በብዛት የሚሸጠው በግለሰብ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ስፈርድ፣ ጠረጴዛ የሚዘረጋበት ቦታ ላለውና ያገለገለ ገዝቶ ራሱ መጠገን ለሚወድ ሰው ባለሁለት ሐዲዱን ኤች ኦ እመርጥለታለሁ፤ የማስታወቂያው ስሕተት በጥያቄ ይጣራል፣ የኤን ብልሽት ግን በጥያቄ አይጣራም። ኤንን የምመክረው አዲሱን ከነካርቶኑ ከነጋዴ ለሚገዛ ነው። በባቡር ፍቅር የተለከፈ ወዳጅ ያለው ሰው ግን ይህን ሁሉ ትቶ የወዳጁን መጠን ይያዝ፤ የተገዛው ሎኮሞቲቭ በደረሰበት ቀን የሚሞከርበት ሐዲድ ያገኛል፣ ፉርጎም ይዋዋሳሉ።

የለገሃሩን የድሮ ባቡር በቤቱ ማየት ለሚመኝ ከሁለቱ አንዱም በትክክል አይሆነውም። የጅቡቲው አሮጌ መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ስለነበር፣ በ87 ሲካፈል የሚስማማው ኤች ኦ ኤም የተባለው ባለ12 ሚሊሜትር ሐዲድ ነው። በዚህ መጠን ቤሞ የተባለው ኩባንያ የስዊዘርላንዱን የሬቲሼ መስመር ባቡሮች ይሠራል፤ ለመነሻ የሚሆነውም እርሱ ነው። ሲፈልጉ ግን «12 ሚሊሜትር» ብለው ብቻ አይጻፉ፤ 120 ጊዜ ያነሰው ቲቲም በዚያው ስፋት ስለሚሄድ የሚመጣልዎ ውጤት ይደባለቃል።