ግልጽ አላይነር፦ ለተደራረቡ ጥርሶች ያለው ጥቅምና ያማረረኝ ነገር

ወደ አላይነር፣ ማለትም ወደ ግልጹ የጥርስ ማስተካከያ የወሰደኝ የፈገግታ ጉዳይ አልነበረም። የታችኞቹ የፊት ጥርሶቼ ተደራርበው ስለበቀሉ ብሩሽ የማይደርስበት ጥግ ነበራቸው፤ እዚያ የሚቀረው ፕላክ (ጥርስ ላይ የሚጣበቅ የባክቴሪያ ቆሻሻ) ከምራቅ በሚያገኘው ማዕድን እየጠነከረ ወደ ጥርስ ድንጋይ ስለሚለወጥ፣ በየጊዜው ባሳጥብም ድዴ ማበጡንና መድማቱን አላቆመም ነበር።

እያንዳንዱ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ጥርስን በ0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ይገፋል፤ የመንጋጋ አጥንቱም በሚገፋበት በኩል እየሳሳ፣ በተለቀቀው በኩል እየተሞላ ጥርሱን ይከተላል። ሽፋኑ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ይቀየራል። አዲሱ በጠለቀበት ምሽት ጥርስ ውጥር ይላል፣ በማግስቱም ለስላሳ ምግብ እንኳ ማኘክ ያስቸግራል።

ትልቁ ብልጫው ለምግብና ለመቦረሽ መውለቁ ነው፤ በጥርስ ላይ የሚጣበቀው ሽቦ በደንብ ካልጸዳ ዙሪያውን ኢናሜሉ (ጠንካራው የጥርስ የውጭ ክፍል) ላይ ነጫጭ ምልክት ሊተው ይችላል። ይሁንና መውለቁ ራሱ ድክመትም ነው፤ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት ካልተደረገ ጥርሱ ከዕቅዱ ወደኋላ ይቀራል። ከውኃ በቀር ማንኛውም መጠጥ ሲጠጣም መውለቅ አለበት፤ ሽፋኑ ሥር የገባን ጣፋጭ ነገር ምራቅ ደርሶ አያጥበውምና። በየሰዓቱ ትኩስ ነገር መጠጣት ለለመደ ሰው ይህ ፈተና ነው፤ እኔም ተፈትኛለሁ።

ለመጠነኛ መደራረብና ክፍተት ያለማመንታት እመክረዋለሁ። የታች ጥርሶቹ የላይኛውን ድድ እስኪነኩ ድረስ አገጣጠሙ ለጠለቀ፣ ወይም ችግሩ ከመንጋጋው አጥንት ለሆነ ሰው ግን ሽቦ፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። የታመመ ድድ ደግሞ አስቀድሞ መታከም አለበት፤ ድዱ እንደታመመ ጥርስን ማንቀሳቀስ አጥንቱን ይጎዳል።

በእኔ በኩል ውጤቱ አርክቶኛል፤ ድሮ እየተበጠሰ ይቀር የነበረው የጥርስ ክር ዛሬ በሁሉም ጥርሶቼ መካከል ያልፋል፣ ድዴም አይደማም። ቅሬታዬ በክሊኒኩ ላይ ነው። ጥርሱ ወደ ቀድሞ ቦታው እንዳይመለስ የሚደረገው ሪቴይነር የግድ እንደሆነና ለብቻው እንደሚከፈልበት የነገሩኝ በመጨረሻው ቀጠሮ ነበር። ለ10 ቀን ሳላደርገው ቆይቼ ስመልሰው፣ እነዚያኑ የታች ጥርሶቼን እንደ ጠባብ ጫማ ጨመቃቸው።