ቡኒን ላሳደጉልኝ እናት

ሰላም የጅማ ቤተሰቦች። ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሁለት ወር በፊት ነው። ቡኒ ክትባቱን እስኪጨርስ ልጠብቅ ብዬ ቆየሁ። ትናንት የመጨረሻውን ተወጋ፤ ደህና ነው። ስለዚህ ዛሬ ልጻፍ።

ቡኒ ፑድል የሚባል ዝርያ ውሻ ነው። ከትልቁ ፑድል የሚያንስ፣ ቶይ ከሚባለው ደቃቃ የሚበልጥ፣ ሚኒየቸር የሚሉት ዓይነት። መልኩ የተቆላ ቡና ነው። ያገኘሁት እዚሁ ከተማችን፣ ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ ከሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛል። እኔ እትዬ ነው የምላቸው።

መጀመሪያ ስደውልላቸው ዋጋ ልጠይቅ ነበር። እሳቸው ቀድመው ይጠይቁኝ ጀመር። ግቢሽ አጥር አለው? ቀን ቤት ማን ይውላል? ልጆች አሉ? ከዚህ በፊት ውሻ ነበራችሁ?

የመጨረሻውን ስመልስ እንባ መጣብኝ። አምና ከአንድ ደላላ ቡችላ ገዝቼ ነበር። መንገድ ዳር ቆሞ በካርቶን አቀበለኝ። እናቱን አላየሁም። "ሁለት ወር ሞልቶታል" አለኝ፤ አመንኩት። ሐኪሙ ጥርሱን ሲያይ ከአምስት ሳምንት አይበልጥም አለ። ትውከት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ፓርቮ የሚሉት የቡችሎች የአንጀት በሽታ ነበር። ልጄ ካርቶኑን አላስጥል ብላ አልጋዋ ሥር አስቀመጠችው።

እትዬ ይህን ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ "ካርቶኑ አሁንም አለ?" አሉኝ። አለ አልኳቸው። "እንግዲያው ዛሬ ቡችላ አልሰጥሽም ልጄ" አሉ። የፓርቮ ቫይረስ እቤት ውስጥ ለወራት እንደሚቆይ ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ካርቶኑንና የተኛበትን ጨርቅ አቃጠልን። ወለሉን በበረኪና አጠብን፦ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውሃ፣ አሥር ደቂቃ ሳይደርቅ እንዲቆይ። ሳሙና ብቻውን ይህን ቫይረስ አይገድለውም። ልጄን ግን እሳቸው ናቸው በስልክ ያባበሉልኝ። ይህንንም አልረሳውም።

ቡችሎቹ ያኔ ገና አምስት ሳምንታቸው ነበር። ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናታቸው አይለዩም አሉ። መናከስን መቆጠብ የሚማሩት ከእናታቸውና ከወንድሞቻቸው ነው። አንዱ ጠንክሮ ሲነክስ ሌላው ይጮሃል፣ ጨዋታው ይቆማል፣ ነካሹም ይገባዋል። እስከዚያ ግን መጥታችሁ እዩ አሉን። በየሳምንቱ ሄድን።

ያ ቤት አሁንም በዓይኔ ላይ አለ። ቡችሎቹ ጓሮ ታስረው አይደለም ያደጉት። ማድቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ አሮጌ ጋቢ ተነጥፎላቸዋል። እትዬ ቡና ቆልተው በሙቀጫ ሲወቅጡ አንዱም አልደነገጠም። ቡኒ እንዲያውም ዘነዘናው እየተመታ እግራቸው ሥር ተኝቶ ነበር። ልጆች ይገባሉ፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ጆንያ የተሸከመ ሰው ያልፋል፣ ሬዲዮው ይጮሃል። ቡችላ እስከ ሦስት ወሩ በደህና የለመደውን ነገር ሲያድግ ብዙም አይፈራውም። ቡኒ ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ ተኝቶ የሚሄደው ለዚህ ነው።

የቡችሎቹንም እናት ፊቴ አስሮጧት። ትናንሽ ፑድሎች ላይ የጉልበት ሎሚ ቦታውን የመልቀቅ ችግር ይበዛል፤ በዘር ይተላለፋል። አንዲት እግሯን አንጠልጥላ እየዘለለች ብትሮጥ ያሳስብ ነበር። እሷ ግን ቀጥ ብላ ነው የምትሮጠው። የዓይን ችግርም በዘር የሚመጣ ስላለ ጨለም ሲል ዕቃ ትጋጭ እንደሆነ አሳዩኝ። ማንም ሻጭ ይህን አሳይቶኝ አያውቅም።

የወሰድነው በዘጠኝ ሳምንቱ ነው። የትል መድኃኒት የወሰደበት ቀን ሁሉ በእጅ ጽሑፋቸው ተመዝግቧል፤ የመጀመሪያው ክትባት ካርዱ ላይ አለ። ቀሪውን በየሦስት አራት ሳምንቱ እስከ አራት ወር እንድናስወጋ፣ የእብድ ውሻውን ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላው እንዳንዘነጋ ነገሩን። ከእናቱ ጋር የተኛበትን የጋቢ ቁራጭ ቆርጠው ሰጡን። የመጀመሪያውን ሌሊት ያሳለፈው አፍንጫውን እሱ ውስጥ ቀብሮ ነው።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችን አናውቀውም። የተረፈ ወጥ ለውሻ አይሰጥም። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳል፣ ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ቡናም መርዝ ነው። በዚህ በቡና አገር አተላውን ጓሮ የምንደፋ ሰዎች እንጠንቀቅ። እትዬ አተላውን ከድነው ነው የሚያስቀምጡት።

ጠጉሩ ብዙም አይረግፍም፣ ግን ማደጉን አያቆምም። ካልተበጠረ ይቋጠራል፣ ከሥሩም ቆዳው ይቆስላል። ከላይ ከላይ ማበጠር ዋጋ የለውም፤ ማበጠሪያው ቆዳው ጋ መድረስ አለበት። የጅማ ዝናብና ጭቃ ባለበት ደግሞ ሥራው እጥፍ ነው። ቡኒ የተጠራቀመ ውሃ ካየ ዘሎ ይገባል። እትዬ "ዘሩ ነው" ይላሉ፤ ፑድል ጥንት አዳኞች ተኩሰው የጣሉትን ዳክዬ ከውሃ የሚያወጣ ውሻ ነበር። በየስድስት ሳምንቱ እሳቸው ጋ እንወስደዋለን፤ በመቀስ እየቆረጡ እኔንም ያስተምሩኛል። ገንዘብ ልስጥ ብል እምቢ ይላሉ።

ዋጋቸው ርካሽ አይደለም፤ ያንን አልደብቅም። ግን ማሳደግ ያልቻለ ሰው ውሻውን ለሌላ ከመስጠት ወደ እሳቸው እንዲመልስ ቃል ያስገባሉ። እናቲቱንም በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አያስወልዷትም። ስለዚህ ተራ መጠበቅ አለ። የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፤ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ጥያቄ ያበዙባችኋል፤ ታገሷቸው።

እትዬ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ እንደገና መሳቅ ጀምራለች። ቅዳሜ ቡኒን ጠጉሩን እንዲቆርጡት እናመጣዋለን፤ የጋቢውንም ቁራጭ አጥበን ይዘን እንመጣለን።