ፔንታክስ ኬ1000 ወይስ ካነን ኤኢ-1? ያገለገለ የፊልም ካሜራ ለሚገዙ

ሁለቱም ገበያ ላይ የዋሉት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። አሳሂ ኦፕቲካል ኬ1000ን ሲሠራ ለጀማሪ ትርፍ የመሰለውን ሁሉ አስቀርቶ በእጅ ብቻ የሚሠራ ርካሽ ካሜራ አወጣ፤ እስከ 1997ም አመረተው። ካነን በተቃራኒው ኤኢ-1 ውስጥ ማይክሮፕሮሰሰር አስገባ። ዛሬ ገዢን የሚያስጨንቀው ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ኬ1000 ባትሪ ባይኖረውም ፎቶ ያነሳል። አንዷ ኤልአር44 ባትሪ የምታሠራው የብርሃን መለኪያውን ብቻ ነው። ማጥፊያ ስለሌለው ግን ሌንሱ ሳይከደን ከተቀመጠ ባትሪው ያልቃል፤ ስለዚህ «መለኪያው አይሠራም» ከተባሉ መጀመሪያ አዲስ ባትሪ አስገብተው ይዩት። ኤኢ-1 ግን ባለ 6 ቮልት ባትሪው ካለቀ ሹተሩ (ፊልሙን ከብርሃን የሚጋርደው መጋረጃ) ጭራሽ አይከፈትም። በምትኩ ሌንሱን «ኤ» ላይ አድርገው የሹተሩን ፍጥነት ከመረጡ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ ራሱ ያስተካክላል፤ ለሚሮጥ ልጅ ወይም ለስፖርት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በእጅ ሲያስተካክሉ ግን ያስቸግራል፦ መመልከቻው ውስጥ ያለው መርፌ የሚያሳየው መለኪያው የሚመክረውን ቀዳዳ እንጂ እርስዎ የመረጡትን አይደለም።

ከመክፈልዎ በፊት ፊልም አለመኖሩን አረጋግጠው ጀርባውን ይክፈቱ። ፍጥነቱን 1/1000 ሰከንድ ላይ አድርገው፣ ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙረው በጀርባው በኩል እያዩ ይተኩሱ። ከክፈፉ አንዱ ጎን ከጨለመ፣ ዘይቱ ደርቆ የሹተሩ ሁለተኛ መጋረጃ የመጀመሪያውን እየደረሰበት ነው፤ ፎቶዎ በከፊል ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ቀጥሎ የበሩን ዳር ስፖንጅ በጣትዎ ነካ ያድርጉት። እንደ ሙጫ ከተጣበቀ ብርሃን ያስገባል፤ መቀየሩ ግን ቀላል ስለሆነ ግዢውን አያስቀርም።

ኤኢ-1 ሲተኮስ ሲጥ የሚል ወይም እንደ ሳል ያለ ድምፅ ካሰማ የመስታወቱ ማንቀሳቀሻ ዘይት ደርቋል፤ የጥገናውን ዋጋ ከሂሳቡ ያስቀንሱ። የባትሪ ክዳኑም በቀላሉ ይሰበራል።

ሌንሱንም ያስቡበት። የኬ1000 (የኬ መግጠሚያ) ሌንሶች በፔንታክስ ባለ መስታወት ዲጂታል ካሜራዎች ላይም ይገጥማሉ። ካነን ግን በ1987 ኢኦኤስ የተባሉትን ካሜራዎች ሲያወጣ ኤኢ-1 የሚጠቀምበትን የኤፍዲ ሌንስ መግጠሚያ ተወው፤ የኤፍዲ ሌንስ ባለ መስታወት ኢኦኤስ ላይ ሲገጠም፣ በውስጡ ሌንስ ያለው አስማሚ ካልተጠቀሙ ሩቅ ነገር አያጠራም። መስታወት አልባ ዲጂታል ካሜራ ላይ ግን በተራ አስማሚ ጥሩ ይሠራል።

ለሚማር ሰው ኬ1000ን እንመርጣለን። ሰዓት ቆጥሮ ራሱ የሚያነሳ ካሜራ ከፈለጉ ግን ኤኢ-1ን ይያዙ፤ ኬ1000 ይህ የለውም።