ኦዱ፦ ፈቃድ የሚደመርበት እንጂ የማይቀነስበት ሶፍትዌር

ቀድሞ ኦፕንኢአርፒ ይባል የነበረውና እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ኦዱ በሚለው ስሙ የሚታወቀው የድርጅት አስተዳደር ሶፍትዌር ሽያጭን፣ ግዥን፣ መጋዘንንና ሒሳብን በአንድ ላይ ስለሚይዝ፣ ማን ምን ማየትና መንካት እንደሚችል ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረመር ይገባዋል። በመሥሪያ ቤታችን የተጠቃሚዎችን ፈቃድ የማስተዳድረው እኔ በመሆኔ፣ ግምገማዬ በዚሁ ክፍሉ ላይ ያተኩራል።

ፈቃዱ ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው በመረጃ ዓይነት ላይ የሚሰጥ ሲሆን፣ አንድ የተጠቃሚዎች ቡድን የሽያጭ ትዕዛዞችን ማንበብ፣ ማረም፣ መፍጠርና መሰረዝ ይችል እንደሆነ አራቱንም ለየብቻ ይወስናል፤ ፈቃድ ያልተጻፈለት የመረጃ ዓይነት ለተራ ተጠቃሚ ዝግ ነው። ሁለተኛው የመዝገብ ደንብ ሲሆን፣ ከተፈቀደው ዓይነት ውስጥ የትኞቹ መዝገቦች፣ ለምሳሌ የትኞቹ ነጠላ ትዕዛዞች፣ እንደሚታዩ ያጣራል። እዚህ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ደንብ ካልተጻፈ መዝገቡ ሁሉ ክፍት ነው።

ብዙ አድሚኖች የሚሳሳቱት ከዚህ ቀጥሎ ባለው ነጥብ ነው። የቡድን ደንቦች «ወይም» በሚል ይጣመራሉ፤ አንዱ ደንብ የሚያሳየውን ሌላው ሊከለክለው አይችልም። የራሱን ሰነዶች ብቻ እንዲያይ የተመደበ የሽያጭ ሠራተኛ ሁሉንም ሰነዶች ወደሚያየው ቡድን ሲገባ፣ የዚህ ቡድን ደንብ ማጣሪያ «አንድ ከአንድ ጋር እኩል ነው» የሚል፣ ምንጊዜም እውነት የሆነ ቃል ስለሆነ፣ ጠባቡ ደንብ ሳይሰረዝ በሰፊው ይዋጣል። በአንጻሩ ለማንኛውም ቡድን ያልተሰጠ ደንብ «እና» በሚል ከሌሎቹ ጋር ስለሚጣመር ሁሉንም ተጠቃሚ ይገድባል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። ለአንዲት ጊዜያዊ የመረጃ አስገቢ አንዳንድ ደረሰኞችን እንዳታይ የሚከለክል አዲስ ቡድን ፈጠርኩ፤ ቀድሞ የነበረችበትን ሰፊ ቡድን ግን አልነካሁም። በማግሥቱ ደረሰኞቹ በሙሉ ሲታዩዋት ደንቡን ከቡድኑ ነጥዬ ለማንኛውም ቡድን ያልተሰጠ አደረግሁት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሒሳብ ሹሙ ጭምር ደረሰኞቹን አጣቸው። መፍትሔው ደንቡን ወደ ቡድኑ መልሼ እሷን ከሰፊው ቡድን ማውጣት ብቻ ነበር።

ሜኑን መደበቅ መረጃውን መዝጋት አለመሆኑንም አጥብቄ ማስታወስ እፈልጋለሁ፤ ከሜኑው የጠፋ ሰነድ ፈቃዱ ካልተነሣ በሌላ መንገድ ይገኛል።

የአሠራሩን መሠረት ጠንካራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ቅሬታዬ በገጹ ላይ ነው። የቡድኖቹና የደንቦቹ ዝርዝር የሚታየው ዴቨሎፐር ሞድ፣ ማለትም የተደበቁ ቴክኒካዊ ማስተካከያዎችን የሚያሳየው ሁኔታ፣ ሲከፈት ነው። ያን ጊዜ በተጠቃሚው ገጽ አናት ላይ ቡድኖቹን፣ ፈቃዶቹንና ደንቦቹን የሚያሳዩ ቁልፎች ይወጣሉ፤ ሆኖም ይዘረዝራሉ እንጂ የተጣመረው ውጤት ምን እንደሆነ አይነግሩም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የሥራ መደብ አንድ የሙከራ ተጠቃሚ አዘጋጅቼ፣ ፈቃድ በለወጥኩ ቁጥር በዚያ ስም እየገባሁ አንድ መዝገብ እከፍታለሁ፣ አርማለሁ፣ ለመሰረዝም እሞክራለሁ።