ዝቋላን «ቀላል ሀይኪንግ» ለሚሏችሁ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

«የአንድ ቀን ሀይኪንግ ወደ ዝቋላ ሐይቅ! ሁሉም የተካተተበት፣ 2,200 ብር ብቻ!» ኮስተር፣ ቁርስና ምሳ፣ ጋይድ፣ ፎቶ አንሺ፣ የጀልባ ሽርሽር። መንገዱ 30 ደቂቃ፣ ለማንኛውም ዕድሜ የሚሆን። ይህ ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ ይዞራል። እኔ በሁዳዴ አንድ እሑድ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ስማቸውን ትቼ አሠራራቸውን ልንገራችሁ፤ እንዲህ የሚሠሩት እነሱ ብቻ አይደሉም።

ከጀልባው ልጀምር። ዝቋላ ላይ የሽርሽር ጀልባ የሚባል ነገር የለም። ሐይቁ ያለው ተራራው አናት ላይ፣ በጠፋው እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው። ቦታው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ነው፤ ምእመናን ውሃውን እንደ ጸበል ነው የሚያከብሩት። ታዲያ ማስታወቂያው ላይ ያለው ጀልባ ከየት መጣ? ፎቶው የወንጪ ነው! ሐይቁ መሃል ደሴት፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም ያለው ወንጪ። እሱ በአምቦና በወሊሶ መካከል ነው፤ ዝቋላ ደግሞ ከቢሾፍቱ በስተደቡብ። አቅጣጫው ራሱ አይገናኝም።

ቀጠሯችን ከንጋቱ 12 ሰዓት ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ነበር። መኪናው የመጣው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ኮስተርም አይደለም፤ አባዱላ ነው፣ ያውም ትርፍ የጫነ። «ትንሽ ቢዘገይስ?» እንዳትሉ። ተራራው 2,989 ሜትር ነው፤ ከሜዳው ብቻውን ብድግ ያለ። አርፍዳችሁ ከጀመራችሁ ሽቅቡን በጠራራ ፀሐይ ትወጡታላችሁ፣ ቁልቁለቱን በጨለማ ትወርዱታላችሁ። እኛም የሆነው ይኸው ነው። ሹፌሩ ግርጌው ላይ አቁሞ «ከዚህ በላይ አልወጣም» አለ። 30 ደቂቃ የተባለው መንገድ ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀ።

ልጆቻቸው ከፍለውላቸው የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ስኳር አለባቸው። ግማሹ ላይ ሳይደርሱ ጉልበታቸው ከዳቸው። ጋይዱ የት ነው? ከፊት፣ ከወጣቶቹ ጋር ቲክቶክ ይቀርጻል። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን የለም። ውሃ ለሰው አንድ ግማሽ ሊትር። በመጨረሻ ሁለት ተሳፋሪዎች ጉዟቸውን ትተው እናትዬዋን ደግፈው አወረዷቸው። ጋይድ የተባለውም ልጅ ቢሆን መንገዱን የሚጠይቀው እረኞችን ነበር።

ምሳውስ? በሁዳዴ፣ በገዳም ደጃፍ፣ የእንቁላል ሳንዱች! መነኮሳቱ ቆሎ ባይሰጡን አብዛኞቻችን ጦማችንን ነበር የምንመለሰው። ነጠላና ረጅም ቀሚስ ያዙ ያለም አልነበረም፤ በሱሪ የመጡት ሴቶች ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው ከበር ቀሩ።

ስለ ጸጥታ ስንጠይቅ መልሱ «ሰላም ነው፣ አይዟችሁ» ብቻ ነበር። በየካቲት 2016 የዚህ ገዳም መነኮሳት በታጣቂዎች ተገድለዋል። ሰው ሰብስቦ ወደዚያ የሚወስድ ሰው የመንገዱን ሁኔታ ማንን ጠይቆ እንዳረጋገጠ ሊነግረን ይገባ ነበር።

ስንመለስ ቢያንስ ከፊሉን ገንዘብ መልሱልን አልን። «ቅድመ ክፍያ አይመለስም» ተባልን። ማታውኑ ከግሩፑ አስወጡን። ክፍያው የሄደው በቴሌብር ለአንድ ግለሰብ ነው፤ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት መኪናው የት ድረስ እንደሚሄድና ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት ሽቅብ እንዳለ በጽሑፍ ይንገሯችሁ። የንግድ ፈቃድና የአስጎብኝነት የብቃት ማረጋገጫ ጠይቁ። «እናሳያችኋለን» እያለ የሚያመላልሳችሁን ተዉት። ሙሉውን ብርም አስቀድማችሁ አትላኩ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ተራራው ግን ምንም አልበደለም። በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ንግሥ ከሚሄዱ የታወቁ የቤተ ክርስቲያን የጉዞ ማኅበራት ጋር ብትሄዱ ቢያንስ ምን እንደምትለብሱና ምን እንደምትበሉ ይነገራችኋል።

የዚያን እሑድ አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ የቴሌብር መልእክቱን አታጥፉት። ማስታወቂያውንም ሳያነሱት ስክሪንሾት አድርጉ። አቤቱታውን ለንግድ ቢሮ በጋራ ልናስገባ ነው፤ መሳተፍ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።