አንኮበር ላይ የያዝነው አስጎብኚ

ባለፈው ቅዳሜ አባቴን ይዤ ከደብረ ብርሃን አንኮበር ሄድኩ። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎረቤላ ላይ አንድ የአገሩን ልጅ አስጎብኚ ያዝን። በ600 ብር ተስማማን፤ ሲያልቅም ጭማሪ አልጠየቀም።

አባቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ልጁ ሳንነግረው ገባው። ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ስንወጣ በየመታጠፊያው "አባባ፣ እዚች ጋ ትንሽ አረፍ እንበል" ይላል። ባረፍን ቁጥር አንድ ጨዋታ ያመጣል።

የአፄ ምኒልክን ነገር ማንም አስጎብኚ ያወራል። አባቴ ግን "ራስ መኮንንስ?" አሉት። ልጁ ቁጢጥ ብሎ ድንጋይ ለቀመ። ትልቁን ከላይ አስቀመጠ፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ። ከሥሩ ሁለት፤ ኃይለ መለኮትና እህታቸው ተናኘወርቅ። ከነሱ ሥር ሁለት ጠጠር፤ ምኒልክና መኮንን። "የአክስታቸው ልጅ ናቸው" አለ። እኔ ራስ መኮንንን የማውቃቸው በተፈሪ አባትነት ብቻ ነበር። ከስንቱ ትምህርት ይልቅ እነዚያ አምስት ድንጋዮች ነገሩን አስገቡልኝ።

ከዚያ ወደ መኮንን ሹመት ገባ። ገና በልጅነት ምኒልክ ቤት ገቡ። በ1879 ሐረር ስትያዝ ግዛቷ ለሳቸው ተሰጠ። በ1881 ከውጫሌ ውል በኋላ መልእክተኛ ሆነው ጣሊያን ሄዱ። በ1888 ደግሞ ያንኑ ጣሊያን አምባላጌ፣ መቀሌ፣ ዓድዋ ላይ ገጠሙት።

"ዘመድ ባይሆኑ ይሾሙ ነበር ወይ ልጄ?" አሉ አባቴ።

"አይሾሙም ነበር፣ አባባ። ግን ዘመድ ሆኖ የተሾመ ብዙ ነው። እንዲህ የሠራ ስንት አለ?"

መልሱን ወደድኩት። ሊያስደስተን ብሎ እውነቱን አልሸፈነም።

አንድ ነገር ያስተካክል። ዓመተ ምሕረት ያደባልቃል። የጣሊያኑን ጉዞ አንዴ 1881፣ አንዴ 1889 አለው፤ ሁለተኛው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ተማሪ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። የመኮንንን የለንደን ጉዞና በ1898 ቁልቢ ላይ መሞታቸውንም በሩጫ ነው ያለፈው፤ ጉም እየመጣ ስለነበር መሰለኝ።

የምትሄዱ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ጉሙ ሸለቆውን ይሸፍነዋል። ጋቢ ያዙ። ድንጋዮቹንም እንዲደረድርላችሁ ጠይቁት።