ለዳክዬ አደን ጀልባና ብላይንድ፦ ካያክ፣ አዲስ ዳክ ቦት ወይስ ያገለገለ ጆን ቦት?

ነሐሴ ሲገባ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። እዚህ ሚኒሶታ የዳክዬ አደን የሚከፈተው ሴፕቴምበር መጨረሻ አካባቢ ነው፣ እና በየዓመቱ ከሥራ ቦታም ከሰፈርም አዲስ የሚጀምር አይጠፋም፣ ሁሉም የሚጠይቀኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው፣ ምን ዓይነት ጀልባ ልግዛ፣ ብላይንዱንስ (ዳክዬ እንዳያየን የምንደበቅበትን መሸፈኛ) ከየት ላምጣ። በስልክ ሳወራ ግማሹን እየረሳሁት ሰው ገንዘቡን ሲያባክን አየሁና ልጽፈው ወሰንኩ። ዳክዬ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለዛሬ እንተወው፣ እናቴ ቤት አይበላም ነበር፣ እኔ ቤት ይበላል።

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ያገለገለ፣ ባለ 14 ጫማ፣ ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ የአልሙኒየም ጆን ቦት ከነትሬለሩ ግዙ፣ ብላይንዱን በእጃችሁ ሥሩት። ሌላው ወይ ውድ ነው፣ ወይ ደግሞ ርካሽ መስሎ ኋላ ላይ የሚያስከፍል ነው።

ይሄን የምለው ከኪሴ ወጥቶ ስላየሁት ነው። መጀመሪያ የገዛሁት ካያክ፣ ያቺ በመቅዘፊያ የምትሄደው ጠባብ ጀልባ፣ ነበር፣ አዲስ፣ 900 ዶላር። ከዛ መቅዘፊያው ለብቻው 85፣ መኪና ጣሪያ ላይ መጫኛው 240፣ ላዩ ላይ የሚለብሰው ሳር 75፣ ደምሩት፣ 1,300 ዶላር ገባ። ሁለት ሲዝን ተጠቅሜ ስሸጠው ያገኘሁበት 500 ነው። አሁን ያለኝ ጆን ቦት ከነትሬለሩ 1,400 ነበር፣ የትሬለሩ ኩሽኔታ 45፣ ሪቬት (የአልሙኒየሙን ቁርጥራጭ የሚያያይዘው ምስማር) እና ማሸጊያ 70፣ የኋላው እንጨት 60፣ ብላይንዱ 135፣ ሁሉም ተደምሮ 1,710 ዶላር። ሁለት ሰው፣ አንድ ውሻና 3 ደርዘን ዲኮይ (ዳክዬ ለማታለል ውሃ ላይ የሚቀመጥ የውሸት ዳክዬ) ይጭናል፣ ዛሬ ልሽጠው ብልም የገዛሁበትን አያሳጣኝም፣ አሮጌ የአልሙኒየም ጀልባ ዋጋው ወርዶ ወርዶ የቆመ ነገር ስለሆነ። አዲስ ዳክ ቦት፣ ለዳክዬ አደን ተብሎ የተሠራ ጀልባ፣ ከነሞተሩ፣ ከነትሬለሩና ከፋብሪካ ብላይንዱ ጋር ስንት ነው ብዬ ጠይቄ የተነገረኝ 17 ሺህ ዶላር ነው። ጥሩ ጀልባ ነው፣ ብየዳው ያምራል፣ ግን 60 ቀን አካባቢ ለሚቆይ ሲዝን፣ እሱም ቅዳሜና እሁድ ብቻ ለሚወጣ ሰው 17 ሺህ ዶላር አውጣ ብዬ ማንንም አልመክርም።

ካያክ ቦታ አለው። መኪና የማይደርስበት፣ ጀልባውን በትከሻ ተሸክማችሁ ወይ በበረዶ መንሸራተቻ ጎትታችሁ የምትገቡበት ትንሽ ኩሬ ካላችሁና ብቻችሁን የምታድኑ ከሆነ ካያክ ይበቃችኋል። ችግሩ ከጓደኛ ጋር ልሂድ ያላችሁ ቀን ነው፣ ውሻ ልጨምር ያላችሁ ቀን ነው። ውሻዬ ከውሃ ወጥታ ካያኩ ላይ ልትወጣ ስትሞክር አንድ ጎኑ ሲሰምጥ አይቻለሁ፣ ያን ቀን ሾትገኔን በአንድ እጄ የፊላውን ግንድ በሌላው እጄ ይዤ ነው የተረፍኩት። ውሃው ደግሞ ኦክቶበር ላይ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ የገባበት ያውቀዋል።

ሰው የማያስበው ሌላ ነገር ሕጉ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ከተወሰኑ ቦታዎች በስተቀር ክፍት ውሃ ላይ ሆኖ የውሃ ወፍ ማደን አይቻልም፣ እናንተን ወይም ጀልባችሁን በከፊል የሚደብቅ የበቀለ ነገር ውስጥ መሆን አለባችሁ። ስለዚህ ያቺ ለክፍት ውሃ ተብላ የምትሸጠዋ ዝቅ ያለች የምትተኙባት ጀልባ፣ ቪዲዮ ላይ በጣም ታምራለች፣ ለእኛ ሰፈር ግን ብዙም አትጠቅምም። የምትፈልጉት ፊላ ውስጥ ተገፍቶ የሚገባ፣ ሲገባም ሆዱ የማይቀደድ ነገር ነው። የጎማ ጀልባ ልገዛ ነው ያለኝ ልጅም ነበር፣ ረግረግ ውስጥ ከውሃው ስር የተሰበረ እንጨት አለ፣ የሽቦ አጥር አለ፣ ውሻው ጥፍር አለው፣ ይቅርብህ አልኩት።

አሁን ጆን ቦት ስትገዙ። ማስታወቂያ ላይ 1232፣ 1436፣ 1448 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ርዝመቱ በጫማ ናቸው፣ ቀሪዎቹ ደግሞ የወለሉ ወርድ በኢንች። 1232 በ500 ዶላር ስታገኙ ልባችሁ እንዳይሸፍት፣ ሁለት ሰው ቆሞ ሲተኩስ ይወዛወዛል። 1436 ለአንድ ሰውና ለውሻ ይሆናል። 1448 ነው የሚያስተማምነው። ጀልባው ላይ የተለጠፈችውን የጭነት ሰሌዳ አንብቡ፣ ስንት ሰውና ስንት ፓውንድ እንደሚችል ይነግራችኋል፣ ከዛ ራሳችሁን በወፍራም ልብስና በዌደርስ (ውሃ የማያስገባው ከነጫማው የሚለበስ ሱሪ) መዝኑ፣ ዲኮዩን፣ ጥይቱን፣ ባትሪውን፣ እርጥብ ውሻውን ጨምሩ። ሰሌዳዋ የተላጠች ከሆነ ለምን እንደተላጠች ጠይቁ።

ሻጩን ከቻላችሁ አንድ ነገር ለምኑት፣ ጀልባው ትሬለሩ ላይ እንዳለ ውሃ በጎማ እንድትሞሉበት። ብዙ አይደለም፣ ወለሉን አራት ጣት ያህል ከሸፈነው በቂ ነው። ከዛ ከስር ተንበርክካችሁ ተመልከቱ። የሚያፈስ ሪቬት ካለ ከስሩ ጠብ ጠብ ሲል ታዩታላችሁ፣ በጠመኔ ክበቡት። የኔን ሳይ 11 ሪቬት አገኘሁ፣ ሰውየው ደንግጦ ከ1,650 ወደ 1,400 አወረደልኝ። 250 ዶላር በአንድ ባልዲ ውሃ ማለት ነው። የላላውን ሪቬት አንድ ሰው ከውስጥ ከባድ ብረት ደግፎ ሌላው ከውጪ በመዶሻ ሲመታው መልሶ ይጠብቃል፣ የማይጠብቀውን ደግሞ ቆርጣችሁ አውጥታችሁ ጫፉ የተዘጋ ሪቬት 3ኤም 5200 የሚባለውን የጀልባ ማሸጊያ ቀብታችሁ ትተኩታላችሁ። ተራ የቤት ሲሊኮን ግን አትቀቡ፣ አይይዝም፣ ከዛ በኋላ ትክክለኛውን ማሸጊያ ስትቀቡም በሱ ምክንያት አይጣበቅላችሁም።

የኋላው እንጨት፣ ሞተሩ የሚታሰርበት፣ በመዶሻ እጀታ ስትመቱት ድምፁ ጠንካራ መሆን አለበት፣ ድፍን ያለ ለስላሳ ድምፅ ከሰጠ በስብሷል። መቀየሩ ከባድ አይደለም፣ ግን እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እንዳይበሰብስ ተብሎ በመድኃኒት የተነከረውን እንጨት እንዳትጠቀሙ፣ ውስጡ መዳብ አለ፣ መዳብና አልሙኒየም እርጥበት ሲያገኛቸው አልሙኒየሙ ይበላል። እኔ ከመግዛቴ በፊት ያየሁት አንድ ጀልባ በ900 ዶላር፣ ቀለሙ አዲስ፣ ሁሉ ነገሩ ልክ ይመስል ነበር፣ ኋላውን ብሎን ፈትቼ ሳየው አልሙኒየሙ እንደ ወንፊት ሆኗል። ተራ የውጪ ፕላይውድ ገዝታችሁ ኢፖክሲ በደንብ ቀቡት፣ ብሎኑ ስቴንለስ ይሁን። ወንበሩ ስር ያለውን ፎምም ነካ ነካ አድርጉት፣ ጀልባው ውሃ ቢሞላ የሚያንሳፍፈው እሱ ነው፣ ውሃ ጠጥቶ ከከበደ ሥራውን አይሠራም።

ብላይንድ ላይ ልምጣ። የፋብሪካው 800 ዶላር ነው፣ ኦንላይን የሚሸጠው ኮፒ 260። ኮፒውን ጓደኛዬ ገዛ፣ ፎቶው ላይ ከዋናው መለየት አይቻልም። ኖቬምበር ላይ ብርድ ሲመጣ የፕላስቲክ መገጣጠሚያዎቹ እንደ ብስኩት ተሰባበሩ፣ ሻጩን መለዋወጫ ሲጠይቀው መልስ የለም፣ ሱቁም ከሳምንት በኋላ ስሙን ቀየረ። የኔን የሠራሁት የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚያልፍበት ቀጭን የብረት ቱቦ ነው፣ ባለ 10 ጫማው በየትኛውም የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለ። በሁለቱም ጎን እንደ በር በማጠፊያ የሚነሳና የሚወርድ ክፈፍ፣ ላዩ ላይ መረብ፣ መረቡ ላይ የራፊያ ሳር። አንድ ቀን ተኩል ፈጀብኝ። ቱቦ ሲጣመም ራሴ አቀናዋለሁ፣ መረብ ሲቀደድ በፕላስቲክ ማሰሪያ አስረዋለሁ፣ በቃ። ስትሠሩት ሙሉ በሙሉ የሚታጠፍ ይሁን፣ ቆሞ የቀረ ብላይንድ ንፋስ ሲነሳ ሸራ ይሆንና ጀልባውን ወደፈለገበት ይወስደዋል።

ሳሩን ደግሞ ከሱቅ በብዛት አትግዙ። እዛው ያለውን ፊላ ቆርጣችሁ ሰኩበት፣ ሲዝኑ ሲከፈት አረንጓዴ ነው፣ ኖቬምበር ላይ ቡናማ፣ የሱቁ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀለም ነው። ቁረጡ ስል ከውሃው በላይ ነው፣ ከስሩ ነቅላችሁ ወደ ሌላ ሐይቅ ብትወስዱ ወራሪ አረምና ቀንድ አውጣ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሕጉም አይፈቅድም። የፌዴራል የዱር እንስሳት መጠለያ ክልሎች ውስጥ ደግሞ መቁረጡም ስለሚከለከል የቦታውን ደንብ አንብቡ። እኔ ባህር ዳር ነው ያደግኩት፣ እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው ያየ ሰው ይሄን ደንብ ቀላል አድርጎ አያየውም።

ሞተር። እዚህ ላይ ነው ያቃጠለኝ። ፊላና አረም ውስጥ ተራው ሞተር ይታፈናል፣ ስለዚህ ሰው ረጅም ዘንግ ያለውን የጭቃ ሞተር ይመኛል፣ የታወቁት አዲስ ሲገዙ ብዙ ሺህ ዶላር ናቸው። እኔ የሆንዳ ጂኤክስ 200 ኮፒ የሆነ ሞተር ነበረኝ፣ ለሱ የሚገጠም የዘንግ ኪት ኦንላይን 480 ዶላር አገኘሁና ገዛሁ። ሞተሩ ኮፒም ቢሆን አላስቸገረኝም፣ መለዋወጫው እንደ ልብ ነው። ዘንጉ ነው ጉዱ። በአምስተኛው ቀን፣ ኒኮሌት አጠገብ ያለው ስዋን ሌክ ላይ፣ የፊላ ደሴት ካለ ሌላ ምልክት በሌለበት መሃል፣ ከስር ያለው ጎሚኒ ለቆ ግራሶው ውሃው ላይ እንደ ዘይት ተዘረጋ፣ ትንሽ ቆይቶ ዘንጉ ጮኸና ቆመ። ከፍቼ ሳየው ኩሽኔታው ላይ ቁጥር እንኳን አልተጻፈበትም፣ ቁጥር ከሌለው ምን ብላችሁ መለዋወጫ ትፈልጋላችሁ? ሦስት ሰዓት ሙሉ በእንጨት እየገፋን ተመለስን።

ያን ቀን ግን አንድ ነገር ገባኝ። ጣና ላይ ታንኳ የሚነዱት ሰዎች በቀርከሃ ገፍተው ስንት ቦታ ይደርሳሉ፣ እኔ ከሚገባው በላይ ሞተር ስመኝ ነበር። የማድንበት ቦታ ከጀልባ ማውረጃው ግማሽ ማይል ነው። አሁን ጀልባውን በእጅ የምገፋበት 12 ጫማ ዘንግ አለኝ፣ ጫፉ ላይ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ የዳክዬ እግር የመሰለ ብረት አለው፣ 60 ዶላር፣ ለክፍቱ ውሃ ደግሞ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር። ሞተር እየሠራ ወይም ጀልባው በሞተር ግፊት እየሄደ ዳክዬ ላይ መተኮስ በፌዴራል ሕግ ክልክል መሆኑንም አትርሱ። ርቀታችሁ ሁለት ሦስት ማይል ከሆነ ያገለገለ የታወቀ ብራንድ ፈልጉ፣ እስኪገኝ ጠብቁ፣ የሞተር ዘንግ ኮፒ ግን በነፃም ቢሰጧችሁ አትቀበሉ።

የተረፋችሁን ብር ላይፍ ጃኬት ላይ አውጡት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መያዝ ግዴታ ነው፣ እኔ ግን ይዛችሁ ሳይሆን ለብሳችሁ እንድትወጡ ነው የምለምናችሁ። ዌደርስ ለብሶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ወንበር ስር ያለውን ጃኬት ጎትቶ የሚለብስበት ጊዜ የለውም። ክንዱ ላይ ጠበብ ያለና ሾትገን ትከሻ ላይ ሲቀመጥ የማያስቸግር አለ፣ ሱቅ ውስጥ ለብሳችሁ እጃችሁን አንስታችሁ ሞክሩት።

ምዝገባን በተመለከተ የሚጠይቁኝ አሉ፣ ሚኒሶታ ውስጥ በዳክዬ ሲዝን ለዳክዬ አደን ብቻ የምትጠቀሙበት ጀልባ ምዝገባ አይጠየቅም፣ በጋ ላይ ዓሣ ላጥምድበት ካላችሁ ግን አስመዝግቡት። ጀልባውን ጭናችሁ መንገድ ላይ ስትሄዱ ደግሞ የውሃ ማፍሰሻው ቡሽ የግድ ወልቆ መሆን አለበት። ጨለማ ውስጥ፣ ከንጋቱ በፊት፣ በብርድ ጣት ቡሹን መልሶ መክተት መርሳት በጣም ቀላል ነው። እኔ ቡሹን ትሬለሩ ላይ ጀልባውን ከሚይዘው የዊንች መንጠቆ ጋር በገመድ አስሬዋለሁ። መንጠቆው ሳይፈታ ጀልባው አይወርድም፣ መንጠቆውን ስይዝ ደግሞ ቡሹ እጄ ላይ ይመጣል።